ለብረት በቅሎ የተጠረገ መንገድ

ባለፈው ክረምት፣ ደብረ ብርሃን ካለው ቤቴ አንዱን ክፍል የያዘው መምህር ፈረንሳይኛ ያነባል። አገሬ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን መካከል እንደሆነ ነግሬው ስለነበር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጀርባው የላላ አሮጌ መጽሐፍ ይዞ ገባ።

«እማማ፣ ያገርዎ መንገድ እዚህ ውስጥ ተጽፏል» አለኝ።

መጽሐፉን የጻፈው፣ እኔ ልጅ ሳለሁ በቢስክሌት ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ሄድኩ የሚል ፈረንሳዊ ነው። በአገሩ ገጠር፣ በወይን እርሻና በወንዝ ዳር ወፍጮዎች በኩል የሚያልፉትን የጠጠር መንገዶች በቢስክሌት ሲዞርባቸው የኖረ ሰው ኖሯል። በመጽሐፉ መጀመሪያ እነርሱን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ኋላ ወደ እኛ ይመጣል። መምህሩ ደስ እንዲለኝ ብሎ እየተረጎመ አነበበልኝ። የት ቁልቁለት እንዳለ፣ የት ውሃ እንደሚገኝ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው በየትኛው ጎን ቢይዝ እንደሚሻለው፣ ሁሉም አለበት። ከዚያ የእኛ ሰፈር ላይ ደረሰ። ይህን መንገድ ተፈጥሮ ራሷ ደልድላዋለች ይላል። ደቃቅ ጠጠር እንጂ አንድም እንቅፋት የለበትም፤ በፈረንሳይ ገጠር እንኳ ይህን የመሰለ ጥቂት ነው ይላል።

መምህሩ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። እኔ ፈገግ አላልኩም።

«ተፈጥሮ አልደለደለችውም» አልኩት።

«ታዲያ ማን ደለደለው?»

«እናቴ።»

የቀለድኩ መሰለው። ስለዚህ ነገሩን እንደነበረ እጽፈዋለሁ።

እናቴ ባሏን በቀበረች በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከጎረቤላ ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው የበቅሎ መንገድ በእርሻችን ዳር ያልፋል። ከመንገዱ ወዲህ የእኛ፣ ከመንገዱ ወዲያ ያባቴ ታላቅ ወንድም እርሻ ነበር። ይሁን እንጂ ወሰናችን መንገዱ አልነበረም። የበቅሎ መንገድ ክረምት ክረምት ጭቃ እየሸሸ ወዲህና ወዲያ ይላል። የማይንቀሳቀሱት ሦስት ድንጋዮች ነበሩ፤ ወሰናችን እነርሱ ናቸው።

የመጀመሪያውና የመጨረሻው ትይዩ ቆመዋል። መካከለኛው ግን ወደ አጎቴ እርሻ ወጣ ያለ ነበር። መንገዱም እርሱን ለመዞር ይታጠፋል። በዚያ እጥፋት ውስጥ፣ እንደ ሆድ ወጣ ባለው ቦታ፣ በበጋ እንኳ የማይደርቅ እርጥብ መስክ ነበረን። ትልቅ አይደለም። አንዲት ላም ግን ከጥር እስከ ሰኔ የምትኖረው በእርሱ ነው፤ እኛም የምንኖረው በላሟ ነበር። ከዚያ መስክ ሌላ እናቴ ምንም ነገር ስለማግኘት ወይም ስለማጣት ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

ፈረንጁ መጀመሪያ የመጣው በጥቅምት፣ በበቅሎ ነው። አብሮት አስተርጓሚና አንድ ዕቃ ያዥ ነበሩ። የብረቱን ዕቃ አንኮበር ትቶት፣ ለእርሱ የሚሆን መንገድ ሊመርጥ ነበር የመጣው። በየጥቂቱ ከበቅሎው እየወረደ መሬቱን በዘንግ ይወጋል፤ ጠጠር እያፈሰ በመዳፉ ያያል፤ ይጽፋል። እርሻችን ላይ ሲደርስ ደከመውና መካከለኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ድንጋዩ አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ መንገደኛ ሁሉ ይቀመጥበት ነበር። እናቴ በዋንጫ አሬራ ሰጠችው። ጠጣ፤ ጢሙን ጠረገ፤ እዚያው ተቀምጦ ብዙ ጻፈ። ሲነሣ ሁለት መርፌ ሰጣት። መርፌ ያን ጊዜ ብርቅ ነበር። እናቴ እጅ ነሥታ ተቀበለች።

በኅዳር፣ ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ሳለ፣ የሰፈሩ ጭቃ ሹም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆሞ ትእዛዝ ተናገረ። ትእዛዙ ከትልቅ ቤት የመጣ ነው አለ። ሙሴው፣ ማለት ፈረንጁ፣ በብረት በቅሎ ስለሚያልፍ፣ ሁሉም በየእርሻው አንጻር ያለውን መንገድ ይጥረግ፤ ከጡጫ የሚበልጥ ድንጋይ እንዳላይ፤ ያየሁበት ሙክት ይከፍላል። ይህን ብሎ በርኖሱን ሰብስቦ ሄደ። ስለ ገብሱ አንድም ቃል አልተናገረም። ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርድ ነበር፤ ቀን ቀን ወፍ ይበላዋል። እኛ ጎንበስ ብለን ድንጋይ ለቀምን።

ሦስት ቀን ለቀምን። ከእኛ ቀጥሎ የምትጠርገው ጎረቤታችን አፈኛ ሴት ነበረች። ወገቧን ይዛ ቀና አለችና ባሏን ጠየቀችው።

«አንተ፣ ይኼ የብረት በቅሎ ገብስ ይበላል?»

«አይበላም አሉ።»

«ውሃስ ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ታዲያ በምንድን ነው የሚሄደው?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«እኔ ልንገርህ። በኛ ወገብ ነው የሚሄደው!»

ሁሉም ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ወሰኑ ድንጋዮች ደርሳ ነበርና። መጥረጉን የሚቆጣጠረውን የጭቃ ሹሙን አሽከር ጠራችው።

«ወንድሜ፣ እነዚህ የመንገድ ድንጋዮች አይደሉም፤ የወሰን ናቸው።»

«ከጡጫ አይበልጡም?»

«ይበልጣሉ።»

«እንግዲያማ ይነሡ።»

«የተተከለ ወሰን እኮ ነው።»

«እቴ፣ ሙክት አለሽ? ከሌለሽ አንሺ። ሰውዬው ካለፈ በኋላ መልሰሽ ትተክያቸዋለሽ። ከሥራቸው ከሰሉ አለ አይደል? ምን ትፈሪያለሽ?»

ሙክት አልነበራትም። ስለ ከሰሉም ያለው እውነት ነው። በእኛ አገር ወሰን ሲተከል ከድንጋዩ ሥር ከሰል ይቀበራል። ከሰል አይበሰብስም። ድንጋዩ በጎርፍ ወይም በሰው እጅ ቢነሣ፣ ሽማግሎች ይቆፍሩና ከሰሉን አይተው ይፈርዳሉ። ይህን ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር። የሚነግር ሰው ቢኖር ኖሮ አባቴ ነበር።

እናቴና እኔ ሦስቱንም ነቀልን። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን በቀላሉ አንከባለልናቸው፤ ከመንገዱ ወጣ ብለው የቆሙ ስለነበሩ ጉድጓዳቸውን ማንም አላየውም። መካከለኛው ግን እጥፋቱ ላይ፣ ከመንገዱ ጋር ተጣብቆ ነበርና ሲነሣ ትልቅ ጉድጓድ ተወ። እናቴ ድንጋዩን እየገፋች ወደ ግቢያችን ሄደች። አሽከሩ እኔን ጠራኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ አፈር ለስላሳ ነው፤ መንኮራኩሩ ይሰምጣል። ጥረጊና አውጪው፣ ጠጠር ሙዪበት።»

አወጣሁት። አፈሩ ጥቁር ጥቁር ነገር ነበረበት፤ እጄን አቆሸሸኝ። በቅርጫት እያደረግሁ ገደል አፋፍ ላይ ደፋሁት። ከዚያ ከጅረቱ ጠጠር አምጥቼ ሞላሁና በእግሬ ረገጥኩት። አሽከሩ «ጎበዝ!» አለኝ። ደስ አለኝ። እናቴ ስትመለስ ጉድጓዱ ሞልቶ፣ መንገዱ አምሮ አገኘችው። ምንም አልጠየቀችኝም፤ እኔም ምንም አልነገርኳት።

በማግስቱ ፈረንጁ መጣ። ሰው ሁሉ ዳርና ዳር ቆሟል። ሁለት መንኮራኩር አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ እርሱ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ጉልበቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ውሾች ተከተሉት። ካህናቱ የቆሙበትን አልፎ፣ እርሻችንን በእጥፋቱ በኩል ዞሮ፣ ዓይን ሳንጨፍን ተሰወረ። ለዚያች ለአንዲት ቅጽበት ነው ሦስት ቀን የለቀምነው። ከእኛ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ፣ ጅረቱ ጋ ሳይደርስ ወደቀ። እንደ ቀለበት የነበረው የፊት መንኮራኩር እንደ እንቁላል ሞለል አለ። ከዚያ በኋላ እርሱ በበቅሎ፣ የብረቱ በቅሎ በሁለት ሰው ትከሻ ሆኖ ነው ደብረ ብርሃን የገቡት። ፈረንጁ ስለ መውደቁ ጽፎ እንደሆነ መምህሩን ጠየቅሁት፤ ገልጦ ገልጦ አጣው።

እናቴ ወሰኑን መልሳ ለመትከል አጎቴን ለመነችው። ወሰን ሁለቱ ባለርስቶች በቆሙበት ካልሆነ አይተከልም። «ከአጨዳ በኋላ» አላት። ከአጨዳ በኋላ «ከውቂያ በኋላ» አላት። ከውቂያ በኋላ «ከገና በኋላ፣ ምን አስቸኮለሽ?» አላት።

በዚህ መሐል መንገዱ አጠረ። የሚዞሩት ድንጋይ ስለሌለ፣ ሰውም አህያም መዞሩን ተወ። ከመጀመሪያው ድንጋይ ቦታ ወደ መጨረሻው ቦታ በመስካችን ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ። በጥር ቀጥ ያለ አዲስ መንገድ ወጥቶ፣ እርጥቡ መስክ ከመንገዱ ወዲያ፣ በአጎቴ በኩል ቀረ። አንድ ማለዳ ላሟን ይዤ ስወርድ አጎቴ በሬ ጠምዶ ለበልግ ሲያርሰው አገኘሁት።

«አባባ፣ የኛ መስክ እኮ ነው» አልኩት።

«ከመንገድ ወዲያ ያለው የማን ነው? ሂጂ እናትሽን ጠይቂያት» አለኝ፤ ማረሱንም አላቆመም።

እናቴ ሽማግሌ ጠየቀች። ቀን ተቆረጠ። ከዚያ ቀን አስቀድሞ፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ ፈረንጁ በበቅሎ ወደ አንኮበር ሲመለስ በእኛ በኩል አለፈ። እናቴ ከሩቅ ስታየው ነጠላዋን አስተካክላ መንገድ ላይ ቆመች። እናቴ መንገድ ላይ ቆማ ሰው የምታነጋግር ሴት አልነበረችም። አጠገቧ ነበርኩ፤ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«ጌታዬ፣» አለችው አስተርጓሚውን፣ «አንድ ነገር ሙሴውን ይጠይቁልኝ። ያን ጊዜ አሬራ የጠጣበት ድንጋይ የት እንደነበረ ያስታውሳል? እርሱን ብቻ ይንገረኝ። ጽፎታል፤ ሲጽፍ አይቻለሁ።»

«ሴትዮ፣ ሰውዬው አገር ሊጽፍ ነው የመጣው፤ ያንቺን ድንበር ሊዳኝ አይደለም።»

«አይዳኝ። የተቀመጠበትን ይንገረኝ ብቻ።»

«ለድንጋይ ትልቅ ሰው ይቆማል? ዞር በይ፣ በቅሎዋ ትረግጥሻለች!»

«ጌታዬ፣ አንዲት ቃል ናት።»

ፈረንጁ ምን ትላለች ብሎ መሰለኝ ጠየቀው። አስተርጓሚው አጠር አድርጎ አንድ ነገር ነገረው። ፈረንጁ እሺ እሺ በሚል ዓይነት አንገቱን ነቀነቀ፤ እጁን ኪሱ ከተተ፤ አንድ መርፌ አውጥቶ ዘረጋላት። ለማኝ ናት ብሎ እንደነገረው ያኔ ገባኝ። እናቴ እጇን አልዘረጋችም። አስተርጓሚው ከፈረንጁ ተቀብሎ ነጠላዋ ላይ ሰክቶላት አለፉ። እናቴ እቤት ስትገባ መርፌውን ነቅላ የበሩ መቃን ላይ ሰካችው። ቤቱ እስኪፈርስ እዚያው ዝጎ ኖረ።

ሽማግሎቹ ሦስት ነበሩ፤ አጎቴም ጭቃ ሹሙም መጡ። ወደ እርሻው ወርደን መንገዱ ላይ ቆምን።

«ድንጋዮቹን የነቀለ ማን ነው?» አለ ትልቁ ሽማግሌ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

«ሰማችሁ!» አለ አጎቴ። «አባቶቼ፣ ልብ በሉ። እኔ አልነቀልኩ፤ ልጄ አልነቀለ። ወሰኗን በገዛ እጇ ነቅላ ስታበቃ አሁን በኔ ታለቅሳለች?»

«ታዝዤ ነው። እርሳቸው አሉ፣ ይጠየቁ» አለች ወደ ጭቃ ሹሙ እያሳየች።

ጭቃ ሹሙ ሳል አለ። «እኔ የመንገድ ድንጋይ አልኩ። የወሰን ድንጋይ አልኩ?»

«ከጡጫ የሚበልጥ ድንጋይ እንዳላይ አላሉም?»

«ብልስ? አንቺ አእምሮ የለሽም? ምጣድ የጎለትሽበትንም ጉልቻ ትነቅይ ነበር?»

አጎቴ ሳቀ። ከሽማግሎቹም አንዱ ሳቀ። አሽከሩን ይጥሩልኝ አለች፤ አሽከሩ ቆላ ወርዷል አሏት። ይህን ጉዳይ ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው የአጎቴ ስስት አይደለም። ስስት ነበረው፤ ማንም ያውቀዋል። ጭቃ ሹሙ ግን ከሦስት ወር በፊት በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተናገረውን፣ ሁሉ የሰማውን ቃል፣ በፊታችን ካደ። ያን ቀን በዚያ ደጅ ቆመው ከሰሙት አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ያቺ አፈኛ ጎረቤታችን እንኳ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ «ይቆፈር» አለ። የመጀመሪያውን ቦታ ቆፈሩ፤ ከሰል ወጣ። የመጨረሻውን ቆፈሩ፤ ከሰል ወጣ። የእናቴ ትከሻ ዝቅ ሲል፣ ሲያርፍ አየሁት። መካከለኛውን ቆፈሩ። ጠጠር ወጣ። ከጠጠሩ ሥር ቡናማ ጭቃ ወጣ። ዶማው እስከ ክንድ ድረስ ገባ፤ ከሰል የለም።

በቅርጫት የደፋሁት ጥቁር ነገር ምን እንደነበረ ያን ጊዜ አወቅሁ።

«እኔ አውጥቼዋለሁ» አልኩ። «ከሰሉን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ አሽከሩ አውጪ ብሎኝ ገደሉ ጋ ደፋሁት።»

«አስጠንታ ነው ያመጣቻት!» አለ አጎቴ።

«ልጅ አይመሰክርም፤ ያውም ለእናቷ» አለ ሽማግሌው። ክፉ ሰው አልነበረም። ገደሉ ጋ ሄዶ የሚያይ ሰው ይላክ አላለም እንጂ። እኔ ራሴ ሮጬ ሄድኩ፤ የታኅሣሥ ነፋስና የአህያ እግር ምንም አላስተረፉም።

ፍርዱ አጭር ነበር። ሁለቱ ድንጋዮች ከሰል ስላላቸው ወሰን ናቸው። ሦስተኛው ከሰል ስለሌለው ወሰን አልነበረም፤ መንገደኛ የሚቀመጥበት ተራ ድንጋይ ነው። ወሰኑ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የእናቴን እውነት የመሰከሩት ሁለት ጉድጓዶች ሦስተኛውን ሐሰተኛ አደረጉባት።

ላሟ በግንቦት ተሸጠች። እናቴ ለሰው ሱፍ ትፈትል ጀመር፤ እስክትሞት ፈተለች። ስለ ከሰሉ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። መካከለኛው ድንጋይ ግቢያችን ውስጥ ቀረ፤ ስትፈትል የምትቀመጠው እርሱ ላይ ነበር።

ይህን ሁሉ ለመምህሩ አልነገርኩትም። የነገርኩት ጥቂቱን ነው። ከዚያም መጽሐፉን ወደ ኋላ ገልጦ፣ ሰውዬው በበቅሎ መንገድ ስለመረጠበት ጊዜ የጻፈው ካለ እንዲፈልግልኝ ጠየቅሁት። ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ ፈለገ። አገኘው።

መንገዱ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዞሮ ይታጠፋል ይላል። ድንጋዩ ለመቀመጫ የተመቸ ነው፤ በእጥፋቱ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ወዲህ፣ አንዲት ላም የምትግጥበት አረንጓዴ መስክ አለ፤ የላሟ ባለቤት የሆነች ሴት አሬራ ሰጠችኝ ይላል። መምህሩን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ከድንጋዩ ወዲህ ነው የሚለው ወይስ ወዲያ ብዬ ጠየቅሁት። ወዲህ ነው አለኝ፤ በእኛ በኩል ማለት ነው።

እናቴ መንገድ ላይ ቆማ በለመነችበት ቀን ይህ ጽሕፈት በዚያ ሰው ኮሮጆ ውስጥ ነበረ። ከእርሷ አንድ ክንድ አይርቅም። የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ የተሰጣት መርፌ ነው። ያን መስክ ዛሬም የአጎቴ የልጅ ልጆች ያጭዱታል። መልሱ ብዬ አልጠይቃቸውም፤ የሚመልሱላት ሴት የለችም። ተፈጥሮ ደለደለችው የሚለው ግን እንዲያው መታለፍ የለበትም።

መምህሩን እርሳስ ስጠኝ አልኩት። ፊደል ያስተማረኝ ካህን የነበረው ባለቤቴ ነው፤ ጽሕፈቴ ይነበባል። መንገዱን ከሚያመሰግነው ገጽ ዳር ጻፍኩ፦ ይህን መንገድ የጠረጉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ገብሳቸውን ትተው ሦስት ቀን ጠርገውታል። በእጥፋቱ ላይ የነበረውን ድንጋይ ያነሣችው እናቴ ናት፤ መስኳንም በዚሁ አጥታለች።

መምህሩ ደነገጠ።

«እማማ፣ ምነው! መጽሐፉ እኮ የሰው ነው።»

«ድንጋዩም የሰው ነበር» አልኩትና እርሳሱን መለስኩለት።